በዋስ የወጡ ጥንዚዞች

«ሣር አላጨድኩም አልኩዎት እኮ!»

«አጭደሃል መች አልኩህ? ከጓሳው ስትወጣ ጆንያህ ባዶ አይደለም ነው ያልኩህ።»

«ጆንያው ውስጥ ያለው ጥንዚዛ ነው።»

«ጥንዚዛውስ ምን ላይ ነበር?»

«ሣር ላይ።»

«ይኸው፤ በገዛ አፍህ ተናገርክ።»

ገሠሠ ይህችን መልስ ሲሰጥ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ ራሱን ከስሷል፤ አራተኛ ቢጠየቅም ከዚህ የተሻለ የሚመልስ አልመሰለውም።

ገና ማለዳ ነው። የጓሳው ሣር ጫፍ ጫፉ በውርጭ ነጥቷል፤ የገሠሠ የከተማ ጫማ ርሶ ጣቶቹ ከደነዘዙ ቆይተዋል። ከፊቱ የቆሙት አፈሮ ቅጣው ግን የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው፣ የማረኩትን ጆንያ በሁለት እግራቸው መካከል አቁመው፣ ሌላ ሥራ እንደሌለው ሰው ተዝናንተዋል። አፈሮ ማለት የጓሳ ዳኛ ነው። የመንዝ ሰው ይህን የሣር ሜዳ ዘግቶ ያስጠብቃል፤ ሦስት ዓመትም ይሁን አራት ዓመት፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ተከፍቷል» ሳይሉ ለቤት ክዳንም ሆነ ለገመድ አንዲት ሰበዝ የነቀለ ሰው አፈሮው ፊት ቀርቦ ይቀጣል። አፈሮ ቅጣው በዚህ ሹመት አሥራ አንድ ዓመት ሲቆዩ ሣር የሰረቀም በሬ ያስገባም ይዘው ያውቃሉ። ጥንዚዛ ለቅሞ የተያዘ ግን ገሠሠ የመጀመሪያው ነው። ጣቶቹ ባይደነዝዙ ኖሮ በዚህ ትንሽ ሳይኮራ አይቀርም ነበር።

«ጭላዳ ዝንጀሮ ቀኑን ሙሉ ሣሩን ሲነጭ ይውላል» አለ፤ «እሱን ለምን አይከሱትም?»

«ጭላዳ እዚሁ በልቶ እዚሁ ይተኛል። ጆንያ ተሸክሞ ወደ መሐል ሜዳ ሲወርድ ያየሁት ዕለት እሱንም እከሳለሁ። ለመሆኑ አገርህ የት ነው?»

«መርሐቤቴ፤ ዓለም ከተማ።»

«አዪ፣ የቆላ ሰው!» አሉ አፈሮው፤ ነገሩ ሁሉ አሁን ገና እንደ ተገለጠላቸው ሁሉ።

ገሠሠ የእርሻ ሠራተኛ ነበር። ከእርሻ ትምህርት ቤት ተመርቆ መሐል ሜዳ ከተመደበ፣ በዚያ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት በልግ፣ ስምንት ወሩ ነው። በስምንቱ ወራት ያከናወነው ትልቅ ሥራ ለቢሮው ጠረጴዛ አራተኛ እግር ማስገጠሙ ነው። ይህ ግን ምኞቱን አልቀነሰውም። ማታ ማታ ዓይኑን ሲጨፍን፣ አንድ ቀን ከዚህ አገር ሲሄድ ሕዝቡ እስከ መኪናው ድረስ አጅቦት፣ አንዱ ሙክት እየጎተተለት፣ ሌላው አንገቱን አቅፎ እየሳመው ይታየው ነበር። ሙክቱን መኪና ላይ እንዴት እንደሚያወጣው ሁሉ አስቦበታል።

አጋጣሚው የመጣው በወይዘሮ ወለተኪዳን ማሳ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው እኚህ ሴት የቀራቸውን የገብስ ዘር በሙሉ ለበልግ ዘርተውት ነበር። ገብሱ ከጉልበት በታች ሲደርስ ክሽክሽ ወረደበት፤ ያ ቅጠል ላይ ተለጥፎ የሚመጠው፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጠው አረንጓዴ ተባይ። ቅጠሉ መጠቅለልና መገርጣት ሲጀምር ወይዘሮ ወለተኪዳን ብዙም አላማረሩ። «ክሽክሽ ሳይጨርሰው በጎቼ ይብሉት» ብለው በጎቻቸውን ሊያሰማሩበት ሲሉ ገሠሠ ደረሰ።

«እትዬ፣ እንዳያደርጉት! መድኃኒት አለው።»

«ምን መድኃኒት?»

«ጥንዚዛ። ያቺ ቀይ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት። አንዷ በቀን ሃምሳ ክሽክሽ ትበላለች።»

«ማን ቆጠረው?»

«መጽሐፍ ላይ አለ።»

ወይዘሮ ወለተኪዳን ገብሱንም በጎቹንም ገሠሠንም ተራ በተራ አዩ። «እስከ ሆሳዕና» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ ወዲያ ከደረቀ ለበግም አይሆንም፤ እኔም ዘሬንም መኖዬንም አጣለሁ። ያኔ መጽሐፍህን አምጣና በጎቹ ይብሉት።»

ገሠሠ እዚህ ውርጭ ላይ የቆመው ስለዚህ ነው። ጥንዚዞቹ በበጋው ወራት ከጓሳው ሥር ሥር፣ ከብርድ ተሸሽገው፣ እንደ ተከካ ምስር ክምር ክምር ብለው እንደሚተኙ አንድ ቀን በአጋጣሚ አይቶ ነበር። ማለዳ ሲሆን ደግሞ ብርዱ አደንዝዟቸው በእጅ እየታፈሱ ይገባሉ። አንድ ቁና የሚሆን ከምሯል።

አፈሮ ቅጣው የጆንያውን አፍ ፈትተው እጃቸውን ሰደዱ። ጭብጥ አድርገው ያወጧቸው ጥንዚዞች እግራቸውን ሰብስበው፣ በጀርባቸው ተንጋልለው ዝም አሉ።

«ገድለሃቸዋል እኮ!»

«አልሞቱም፤ ሰው ሲነካቸው የሞቱ ይመስላሉ። ልማዳቸው ነው።»

አፈሮው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ አንዷ አንድ እግር ዘረጋች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ከጥንዚዞቹ ጉልበት የወጣች ቢጫ ፈሳሽ የአፈሮውን መዳፍ አቅልማው ነበር። አሸተቱትና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ክፉ ሽታ። ተንኮለኞች ናቸው» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ግን አክብሮት ነበረበት። ከዚያ ቀና ብለው ፈረዱ፦ «የጓሳ ሀብት ሳይከፈት አይሰጥም። ውሰት ግን ይሆናል። ዋስ ጥራ።»

«ለጥንዚዛ?»

«ለጥንዚዛ። ዋስህ የዚህ አገር ሰው ይሁን፤ ጓሳ ላይ ድርሻ ያለው። ጥንዚዞቹ ካልተመለሱ ጓሳው ሲከፈት የዋስህ ድርሻ ይቀራል።»

ወይዘሮ ወለተኪዳንን ማሳቸው ዳር ሲያርሙ አገኟቸው።

«ወለተኪዳን፣ ለዚህ ልጅ ዋስ ትሆኚዋለሽ?»

«ምን አጠፋ?»

«ጥንዚዛ ተዋሰ።»

ሴትዮዋ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት። የቤታቸው ክዳን ያረጀ ነው፤ የጓሳ ድርሻቸው ቢቀር ክረምቱ ራሳቸው ላይ ይወርዳል። ቢሆንም ወደ ተጠቀለለው ገብሳቸው ዞር ብለው አዩና «ነኝ፤ ዋስ ነኝ» አሉ። ገሠሠ ጆንያውን ተረክቦ ሲሄድ ጀርባው ላይ ዘራቸውንም፣ መኖአቸውንም፣ ክዳናቸውንም የተሸከመ ያህል ከበደው። ይህ ግን በማግሥቱ ሊያደርገው ያሰበውን ንግግር ከማሰማመር አላገደውም።

በማግሥቱ እሑድ፣ ቅድስት ነበር። ገሠሠ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በማሳው በኩል እንዲያልፍ ለመነ፤ ሰዉም ከጉጉት ይሁን ከይሉኝታ መጣ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፤ ሙቀቱ ደስ ይላል። ገሠሠ ድንጋይ ላይ ቆመ። ስለ ዘመናዊ እርሻ ተናገረ። ስለ አገር እድገት ተናገረ። አንዷ ጥንዚዛ በቀን ሃምሳ፣ መቶዋ በቀን አምስት ሺህ እያለ እየደመረና እያባዛ ሲወጣ፣ ዳር ላይ የቆመው፣ የሴትዮዋ ጎረቤት ፈንታ፣

«ይህን ሁሉ ክሽክሽ ከየት እናመጣላቸዋለን?» ብሎ ሰዉን አሳቀው።

ገሠሠም ሳቀ። ከዚያ የጆንያውን ገመድ ፈታ።

መጀመሪያ አንዷ የጆንያው ከንፈር ላይ ወጣች። ቀዩን ጀርባዋን ለሁለት ከፍታ ከሥሩ ስስ ክንፍ አወጣችና ሄደች። ቀጥሎ ሦስት፤ ቀጥሎ ሠላሳ። ቀጥሎ ጆንያው የተነፈሰ ያህል ሆነና ቀይ ደመና ከማሳው በላይ ተነሣ፤ አንድ ጊዜ በሰዉ አናት ላይ ዞረና በጋራው በኩል፣ ወደ ጓሳው፣ ጭልጥ አለ። ገሠሠ ባዶውን ጆንያ በሁለት እጁ እንደ ያዘ «ይመለሳሉ» አለ። ለማን እንዳለው ራሱም አላወቀም።

መጀመሪያ የተናገሩት አፈሮ ቅጣው ናቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ደመናውን እስኪጠፋ ከተከተሉ በኋላ ዞረው፣

«ተመልሰዋል። ውሰቱ ተከፍሏል። ወለተኪዳን፣ ከዋስትናሽ ወርደሻል» አሉ።

ፍርዱ እንከን አልነበረበትም። ሰዉ እየሳቀ ተበተነ፤ ሕፃን ያዘለች ሴት ሳትቀር ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቅ ነበር። ወይዘሮ ወለተኪዳን ብቻ አልሳቁም። አልተቆጡምም፤ «እስከ ሆሳዕና ያልኩህ እስከ ሆሳዕና ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ገሠሠ ቢቆጡት ይመርጥ ነበር።

ያን ቀን ማታ መጽሐፉን ገለጠ። የጥንዚዛዋ ሥዕል ያለበትን ገጽ እስኪቀደድ ድረስ ደጋግሞ አንብቦታል፤ ሥዕል የሌለበትን ቀጣዩን ገጽ ግን ደረቅ ስለመሰለው ዘሎት ነበር። አሁን አነበበው። ከተኙበት የታፈሱ ጥንዚዞች በፀሐይ ቢለቀቁ በርረው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ሲመሽ፣ ቅጠሉ እርጥብ ሲሆን፣ ከአዝመራው ሥር ሥር ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው ይላል። ስለ ንግግር የሚለው ነገር የለም። ገሠሠ መብራቱን አጠፋና በጨለማው ውስጥ ለብቻው አፈረ።

ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት በዚያ ማሳ በኩል አላለፈም። ወደ ቀየት መንደር ለሥራ ሲሄድ እንኳ ጋራውን የሚዞረውን ረጅሙን መንገድ መረጠ። ቢሮው ውስጥ ባለ አራት እግሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ሆሳዕና ስንት ቀን እንደቀረው ሲያሰላ ይውል ነበር። በጎቹ ገብሱን ያን ጊዜ ቢበሉት ኖሮ ቢያንስ ሥጋ ይሆን ነበር። የእሱ አንድ ገጽ መዝለል ግን ሥጋም አይሆንም።

ገብርኄር ባለፈ በማግሥቱ ማለዳ፣ ሰው ሳይነሣ፣ መጥፎውን በገዛ ዓይኑ ሊያይ ወሰነና ወረደ። ገብሱ አልደረቀም። ይህን ገና ልብ ሳይል ግን ሌላ ነገር አየ፤ ትል። ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ እሾኽ እሾኽ ያወጣ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካን መልክ ምልክት ያለበት፣ በስድስት እግሩ ቅጠል ለቅጠል የሚሮጥ ትል። በየአገዳው አለ። ገሠሠ ጎንበስ ብሎ አየው። ይህን ከጓሳ ከጥንዚዞቹ ጋር፣ በጆንያው አምጥቶት ኖሯል! ክሽክሹ ሳያንስ ሌላ መቅሠፍት ጨመረላቸው። ሰዉ ሳያይ ማጥፋት አለበት። ኪሱ ውስጥ ክብሪት መኖሩን አረጋገጠ፤ አጥሩ ሥር በወደቀ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ትሎቹን እየለቀመ ይጥል ጀመር። ለቀመ፣ ለቀመ። ወገቡ እስኪቆረጥ ድረስ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን በትጋት ሠርቶ አያውቅም።

«ምን አድርገውህ ነው?»

ወይዘሮ ወለተኪዳን ከኋላው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ትል ያመጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ጨርሼ አቃጥላቸዋለሁ።»

«ልጆቻቸውን?»

«የማንን?»

«የጥንዚዞችህን ነዋ! የማንን ልጆች መስሎህ ነው?»

ገሠሠ ቆርቆሮውን አየ፤ ከዚያ ሴትዮዋን አየ። ወይዘሮ ወለተኪዳን ክንዱን ይዘው ወደ ማሳው መካከል ወሰዱት፤ ነገሩንም እየሄዱ ነገሩት። የዚያን እሑድ ጆንያውን ጥሎት ሄዷል። ወደ ማታ እህል መያዣ ይሆነኛል ብለው ሲያነሡት፣ ስፌቱ ውስጥ በብርዱ የፈዘዙ ጥንዚዞች ቀርተውበታል። ከገብሱ ሥር አራገፏቸው።

«ምንም አላልኳቸውም። ንግግር ስላላደረግኩላቸው ይሆናል ያልሄዱት።»

ገሠሠ ቆርቆሮውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

«ከዚያ አንዱ በሌላዋ ላይ ወጥቶ ግማሽ ቀን ሙሉ! በዐቢይ ጾም! እኔ ፊቴን አዞርኩ። ደግሞ ሰንብቼ ብመለከት ከቅጠሉ ሥር ቢጫ ቢጫ እንቁላል፣ እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ እነዚህ ወጡ። ሲወጡ መጀመሪያ የበሉት ያልተፈለፈለውን ወንድማቸውን ነው። ቀጥለው ወደ ክሽክሹ ሄዱ። ከእነሱ ጋር ሲተያይ እናቶቻቸው ምን ይበላሉ! ይኸው፣ ተመልከት።»

አንዱ ጥቁር ትል አንድ አረንጓዴ ክሽክሽ በአፉ አንሥቶ፣ እንደ ጎበዝ ተቀምጦ ይመጠዋል። ከጎኑ የነበረው ቅጠል ላይ ባዶ የክሽክሽ ቆዳ ብቻ ቀርቷል። ሌላው ትል ደግሞ በጅራቱ ተጣብቆ፣ ጎብጦ ደርቋል፤ ከአጠገቡ እንደሱው የደረቀው ግን ጀርባው ተሰንጥቆ፣ ገና ነጠብጣብ ያላወጣች፣ ፈዛዛ ቢጫ ጥንዚዛ ወጥታ ክንፏን ለፀሐይ ዘርግታ ታደርቃለች።

«ስትወጣ እንዲህ ናት። ቀለሟ ቆይቶ ነው የሚመጣው» አሉ ወይዘሮ ወለተኪዳን። «መጽሐፍህ ይህን አይልም?»

«የእናቲቱ ሥዕል ብቻ ነው ያለው።»

«እንዴት ያለ መጽሐፍ ነው፣ እናት አሳይቶ ልጅ የሚደብቅ?»

ገሠሠ ከቆርቆሮው ጋር ቁጢጥ አለ። በቀን ሃምሳ፣ መቶው አምስት ሺህ፤ ድምሩ ሳያስበው መጣለት። አሁን ግን ቁጥሩ ወደ ታች ነበር የሚሄደው። ከገብሱ ላይ አንሥቶ ያሠረው ሠራዊት ነው። ያውም ቆርቆሮው ውስጥ ርቧቸው እርስ በርስ መበላላት ጀምረዋል።

«ስንት ይሆናሉ?» አሉ ሴትዮዋ።

«አልቆጠርኩም» አለ ገሠሠ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ነበሩ፤ ለሪፖርት ብሎ ቆጥሯል።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ የተረፈውን አንድ በአንድ ወደየአገዳው መለሱ። ገሠሠ አንዱን ትል በሣር ጫፍ አንሥቶ ቅጠል ላይ ሲያሰፍረው «ይቅርታ» ሲል ወይዘሮ ወለተኪዳን ሰምተዋል፤ እንዳልሰሙ ሆኑ።

በሆሳዕና ዋዜማ ገሠሠ እንደገና ወደ ማሳው ወረደ፤ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በደረት ኪሱ ሁለት ወረቀት ይዞ። አንደኛው ከበላይ አለቃው የመጣ ደብዳቤ ነው። በቅድስት እሑድ የሆነው ወሬ ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ አለቃው ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ጥንዚዞቹ ንስር አክለው ኖሯል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛውሮ የዘር መጋዘን እንዲጠብቅ ታዟል። ጆንያ ሲፈታ ለተገኘ ሰው ጆንያ እንዳይፈታ መጠበቅ ተገቢ ሥራ መሆኑን ገሠሠ ራሱ አልካደም። ስለ ገብሱ መዳን ለአለቃው ሊጽፍ አስቦ ነበር፤ ግን ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱን ሳይጠቅስ እንዴት እንደሚጽፍ ስላላወቀ ተወው። ሁለተኛው ወረቀት የስንብት ንግግር ነው። አጭር ነው፤ ይቅርታ የሚል ቃል ሁለት ቦታ አለበት።

ገብሱ ዘለላ አውጥቷል። ዳር ዳሩ እንደገረጣ ቀርቷል፤ መካከሉ ግን ከወገብ ደርሶ ነፋስ ሲመጣ ይተኛል፣ ነፋስ ሲሄድ ይነሣል። ወይዘሮ ወለተኪዳን ለዘርም ለሚበላም እንደሚበቃቸው በዓይናቸው ለክተው ጨርሰዋል። ደስታቸውን ለመናገር ግን ጊዜ አልነበራቸውም፤ ማሳው ዳር ላይ ከአፈሮ ቅጣው ጋር እየተጨቃጨቁ ነበር። ፈንታም በመካከላቸው ቆሞ ሁለቱንም በነገር ይነካካል።

«ውሰቱ ተከፍሏል ያሉት እርስዎ ነዎት፤ በሰው ሁሉ ፊት!»

«የበረሩት ተመልሰዋል። ጆንያ ውስጥ ቀርተው የወለዱት ግን አልተመለሱም። በግ ለርቢ የሰጠ ሰው ግልገሉን እኩል አይካፈልም?»

«ግልገሉን ያሳደግኩት እኔ! በእኔ ገብስ!»

«በክሽክሹ ነው ያደጉት። ክሽክሹ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው እንጂ! ከማን ማሳ ላይ ነበር?»

«እህ! እንግዲህ ክሽክሽ ያረባሽው አንቺ ከሆንሽ፣ ሌላ ክስ አለብሽ።»

«አፈሮ፣ እኩል ይሁንላችሁና ነጠብጣባቸውን ቆጥራችሁ ተካፈሉ» አለ ፈንታ።

ገሠሠ አጥሩ ጋ ቆሞ ወረቀቱን አወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም ዞር አላለም። ጥቂት ጠበቀና እንደገና ጠረገ። ያን ጊዜ አንዲት ጥንዚዛ በቅርቡ ካለ የገብስ ዘለላ ጫፍ ላይ ስትወጣ አየ። ማሳው ላይ የሚበላ ክሽክሽ እምብዛም አልቀረም። ጫፉ ላይ ደርሳ ወዲያ ወዲህ አለች፤ ቀዩን ጀርባዋን ከፈተች፤ ሄደች። ቀጥላ ሌላዋ። በቅድስት ዕለት እንደነበረው ደመና አልሆኑም፤ አንድ አንድ እያሉ፣ ማንንም ሳያስቸኩሉ ነበር በጋራው በኩል የሚያልፉት።

ሊናገር አፉን ከፈተ። አፈሮው ግን ስለ ግልገል አከፋፈል የአባታቸውን ዘመን ፍርድ እየጠቀሱ ነበር፤ ወይዘሮ ወለተኪዳንም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው መልሱን ይዘው ይጠብቁ ነበር።

ገሠሠ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። መኪናው ከመሐል ሜዳ የሚነሣበት ሰዓት ደርሷል። ሻንጣውን አነሣ፤ አጥሩን ዞሮ፣ በአጭሩ መንገድ ሄደ።

«እሺ፣ እኩሌታው ይሁን» ይሉ ነበር ወይዘሮ ወለተኪዳን ከኋላው፤ «ግን መጥተው ይልቀሙ!»